የፈጣን እጅ ዋጋ

ሁለት ወጣቶች በቴሌቪዥን መስኮት ፊት ተቀምጠው፣ ቁልፍ እየነካኩ፣ በመስኮቱ ላይ ያሉትን ተፋላሚዎች ሲያደባድቡ አይታችሁ ይሆናል። «የልጅ ጨዋታ ነው» ብላችሁም አልፋችሁ ይሆናል። ይሁን እንጂ የጨዋታው ሠሪዎች ብዙ የሚጨነቁበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የማጥቃት ፍጥነትና የመከላከል ኃይል እንዴት ይመዛዘኑ የሚለው ነው።

ለምሳሌ ይሆነን ዘንድ «ስትሪት ፋይተር» የተባለውን የጃፓን ጨዋታ እንውሰድ። ካፕኮም የተባለው ኩባንያ ሁለተኛውን ክፍል ያወጣው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ጨዋታው በአንድ ሴኮንድ 60 ሥዕል ስለሚያሳይ፣ የእያንዳንዱ ምት ዕድሜ የሚቆጠረው በሥዕል ነው። ቡጢ ሦስት ጊዜ አለው፤ እጅ የሚዘረጋበት፣ የሚመታበትና የሚመለስበት። ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓት ሲከራከሩ ብትሰሙ፣ ሁሉም የሚያወራው ስለ መጀመሪያው ነው፤ «የእገሌ እጅ ይፈጥናል» ይላል። እኔ ግን ቁም ነገሩ በሦስተኛው ላይ ነው እላለሁ።

ርዩ የተባለው ተፋላሚ ወደ ላይ እየዘለለ የሚሰነዝረውን «ሾርዩከን» የሚባል ቡጢ ተመልከቱ። ሲነሣ እጅግ ፈጣን ነው። ነገር ግን ከሳተ ወይም ከተመከተ፣ ባለቤቱ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ተጋጣሚው እስኪወርድ ጠብቆ የፈለገውን ያደርገዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

መከላከልስ? ዘንጉን ወደ ኋላ የያዘ ሰው ይመክታል፤ ተራ ቡጢም ነፍሱን ከሚያመለክተው መስመር ምንም አይቀንስበትም። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ፣ አንድ ጊዜ የመታ ሰው ከ99 ወደ ታች የሚቆጥረው ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ መክቶ በተቀመጠ ነበር። እንግዲህ ሠሪዎቹ ሁለት መድኃኒት አበጁ። አንደኛ፣ ይዞ መጣልን መመከት አይቻልም። ሁለተኛ፣ ልዩ ምቶች ቢመከቱም እንኳ ከነፍስ ጥቂት ይቆነጥራሉ።

ሚዛኑ የተዛባበትም ጊዜ አለ። በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሱፐር ስትሪት ፋይተር 2 ቱርቦ» ውስጥ አኩማ የሚባል ስውር ተፋላሚ ነበረ። በአየር ላይ ሆኖ የእሳት ኳስ ስለሚወረውር የሚመልስለት ጠፋ፤ በብዙ ውድድርም ታገደ። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው በአራተኛው ክፍል ግን ሠሪዎቹ የአየሩን እሳት አልነጠቁትም፤ ሥጋውን አሳሱት እንጂ። ርዩ 1000 ነጥብ ነፍስ፣ ግዙፉ ዛንጊፍ 1100 ሲሰጣቸው፣ ለአኩማ 850 ብቻ ተመደበለት። ይህ ብልኅ ፍርድ ይመስለኛል፤ እጁን ቢያስሩት ኖሮ አኩማነቱ ይቀር ነበርና።

የመከላከል ዋጋ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ግን እንደ 2004 እ.ኤ.አ. ያሳየ የለም። በካሊፎርኒያ በተደረገው «ኢቮ» በተባለው ውድድር ጃፓናዊው ዳይጎ ኡሜሃራና አሜሪካዊው ጀስቲን ዎንግ በሦስተኛው ክፍል ተገናኙ። ኬን የተባለው የዳይጎ ተፋላሚ የቀረችው ነፍስ የክር ያህል ናት። ዎንግም በቹን ሊ 15 ጊዜ የሚያርፍ የእርግጫ ውርጅብኝ ለቀቀ። ዳይጎ እንደ ወትሮው ቢመክት፣ ቁንጠራው ብቻ ይገድለዋል።

በዚያ ክፍል ሌላ ዘዴ አለ፤ ምቱ በሚያርፍበት ቅጽበት ዘንጉን ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ጠላት መግፋት። ሰዓቱን ካገኘ ምንም አይቀነስም፤ ከሳተ ግን መከታ የለውም። ዳይጎ አንድ በአንድ 15ቱንም መለሰ፤ የመጨረሻውን ዘሎ በአየር ላይ ተቀብሎ፣ ወዲያው አጥቅቶ ዙሩን ወሰደ። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። (ዋንጫውን ግን አላገኘም፤ በፍጻሜው በኬንጂ ኦባታ ተሸነፈ።)

በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ስድስተኛው ክፍል ጥያቄውን በሌላ መንገድ ይዞታል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች «ድራይቭ» የሚባል ስድስት ክፍል ያለው ከረጢት ተሰጥቶታል። የጠነከረ ምት የሚሰነዝር ከዚያ ይከፍላል፤ የሚመክትም ከዚያው ይቀነስበታል። ባዶ ከሆነ፣ ልዩ ምቶች መከታውን አልፈው ነፍሱን ይቆነጥራሉ፤ በመከተም ቁጥር እጁ 4 ሥዕል ያህል ዘግይቶ ይፈታል። ከረጢቱ እስኪሞላም ድረስ በዚሁ ዕዳ ይዋጋል።