የግእዝና የዐረብኛ ፊደል በአንድ መስመር ላይ

እንጅባራ በአንድ ኮምፒውተር የተጻፈ ጥናት ዳንግላ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ቃሉ ሳይለወጥ መልኩ ሊለወጥ ይችላል። በአማርኛ የሚጻፍ የእስልምና ጥናት ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደውን የግእዝ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ ከሚነበበው የቁርኣን አንቀጽ ጋር ያገናኛልና፣ ልዩነቱ በእኛ ዘንድ ከመልክ አልፎ ማስረጃን ይነካል።

ፋይል የሚይዘው የፊደሉን ምስል ሳይሆን መለያ ቁጥሩን ነው። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ የጋራ ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያዎች የየራሳቸውን አሠራር ይከተሉ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ትርጉም አልባ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ቁጥሩን ወደ ምስል የሚለውጠው ፎንት ይለያያል። ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ»ን ይዞ መጣ፤ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የወጡት «ኢብሪማ»ን፣ ማክ «ከፋ»ን፣ አንድሮይድ ደግሞ «ኖቶ»ን ይጠቀማሉ። የፊደላቱ ወርድ እኩል ስላልሆነ መስመሩ የሚታጠፍበት ቦታ ይለወጣል፤ የገጽ ቁጥርም አብሮ ይዛወራል። ዊንዶውስ ጠርዙን ከስክሪኑ ነጥቦች ጋር ለማስማማት ቅርጹን ጥቂት ያርማል፤ ማክ ንድፉን እንዳለ መጠበቅን ስለሚመርጥ ወፈር ብሎ ይታያል። ይህ የዓይን ልማድ ጉዳይ ነው።

ለአዊ ጸሐፊ ግን ሌላ ችግር አለ። የአገውኛው «አውጚ» የራሱ ስም እንኳ ያለ «ጘ» ዘር በትክክል አይጻፍም። ለአማርኛ ብቻ ተብሎ የተሠራ ፎንት ይህን ዘር ካልያዘ ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ይዋሳል፤ የሚዋሰው ካጣም ባዶ ሳጥን ያስቀምጣል።

ዋናው ጉዳይ አቅጣጫ ነው። አያተል ኩርሲ በዐረብኛ ተጽፎ ወዲያው «2፡255» ተከተለው እንበል። አኃዝ ጽኑ አቅጣጫ ስለሌለው ቀድሞት ከተጻፈው ፊደል ጋር ይሄዳል፤ የግእዙ ሁለት ነጥብ ግን በዩኒኮድ ደንብ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄድ ነው። ስለዚህ «2» ከዐረብኛው ጋር ተጉዞ ከአንቀጹ በስተግራ ይቀመጣል፣ «፡255» በስተቀኝ ብቻውን ይቀራል። አንባቢው የሱራውን ቁጥር ከቦታው ያጣዋል። በፈረንጁ ሁለት ነጥብ ቢጻፍ ቁጥሩ ሳይበተን በሙሉ ወደ ግራ ያልፋል። በቅንፍ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ውጤቱ እንደ ፕሮግራሙ ዕድሜ ነው፤ የቅንፍ ጥንዶችን አብሮ የሚያስተናግደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ስለሆነ፣ ያን ያልተቀበለ አሮጌ ፕሮግራም ቅንፉን ሳይቀር ይገለብጠዋል። (አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ፣ ይጽፉ የነበሩት የወሎ ዑለማዎች ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄድላቸው ከዚህ ድካም ድነዋል።)

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከአንቀጹ ቀጥሎ የሱራውን ስም በአማርኛ መጻፍ፣ ወይም የማይታየውን የግራ-ወደ-ቀኝ ምልክት ማስገባት። ቦታን በባዶ ክፍተት ማስተካከል ግን ሌላ ስክሪን ላይ ይፈርሳል።

የሐረካትና የዑስማኒ አጻጻፍ ምልክቶችም በሁሉም ፎንት አይሟሉም። በመዲና የሚገኘው የንጉሥ ፋህድ የቁርኣን ማተሚያ ለዚሁ ያዘጋጀው ፎንት አለ፤ ተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ካልተጫነ ግን አንቀጹ በሌላ ፎንት ተተክቶ ይታያል። ስለዚህ ለአርትዖት ከሚላከው ፋይል ጋር ፎንቱ የታቀፈበት ፒዲኤፍ አብሮ ይላክ፤ አራሚውም አንቀጾቹን ከእርሱ ጋር፣ ከዚያም ከሙስሐፍ ጋር ያመሳክር።