አልሽር ያለ ቍስል



ሰው ሲቈስል ቍስሉ በጥቂት ቀናት ደርቆ እንዲሽር ይጠብቃል፤ አብዛኛውን ጊዜም እንደዚሁ ይሆናል። ነገር ግን በአንዳንድ ሰው እግር ላይ የወጣ ቍስል ሳምንቱ አልፎ ወር ሲተካ ሳይሽር ይቀራል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ዓይነቱ ቍስል ነው። አስቀድሞ መታወቅ የሚገባው፣ አልሽር ያለ ቍስል ሁሉ እንዳይሽር የከለከለው ምክንያት ያለው መሆኑ ነው። ምክንያቱ ሳይመረመር ቅባት ቢለዋውጡበት ትርፉ ጊዜን ማባከን ነው።

ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ሦስቱ እነዚህ ናቸው። አንደኛው የደም ሥር መጥበብ፣ ሁለተኛው የነርቭ መደንዘዝ፣ ሦስተኛው የተሕዋስያን መመረዝ ነው። የስኳር በሽታ ባለበት ሰው ሦስቱም በአንድ እግር ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ለምሳሌ አንድ የስኳር ሕመምተኛ አዲስ ጫማ አድርጎ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደ እንበል። ጫማው ጣቱን ይልጠዋል፤ እርሱ ግን እግሩ ስለ ደነዘዘ አይሰማውም። ማታ ካልሲውን ሲያወልቅ ደም ቢያይም ስላላመመው ቸል ይላል። እግርን እስከ መቈረጥ የሚያደርሰው አደጋ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ሕመም የሰውነት ዘበኛ ነውና።

ይህን እውነት በይበልጥ የገለጸው የሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ፖል ብራንድ በህንድ አገር ሲሠሩ፣ የሕመምተኞቹ እጅና እግር የሚጐዳው በአብዛኛው ሥጋው በራሱ ስለሚበሰብስ ሳይሆን፣ ስሜት በማጣት በሚደርስበት ተደጋጋሚ ጉዳት መሆኑን አስረዱ። በእኛም አገር በ1965 በፈረንጆች አቆጣጠር አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አለርት በሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የታወቀ ነው።

እንግዲህ ሕክምናው ምንድን ነው? ሐኪሙ የሞተውን ሥጋ ይጠርጋል፤ ቍስሉን አጥቦ እርጥበቱን በሚጠብቅ መሸፈኛ ይሸፍናል፤ የሰውነት ክብደት በቍስሉ ላይ እንዳያርፍ በጄሶ ወይም በልዩ ጫማ ይከላከላል፤ የደሙን ስኳር ያስተካክላል፤ የጠበበ የደም ሥር ካለም እንዲከፈት ያደርጋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቍስሉ እንቢ ሲል፣ ለአንዳንድ ሕመምተኞች የኦክሲጅን ግፊት ሕክምና ይታዘዛል። የምንተነፍሰው አየር ኦክሲጅኑ ከመቶ 21 እጅ ነው። ሕመምተኛው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ ከተለመደው ከ2 እስከ 2 ተኩል እጥፍ በሆነ ግፊት ንጹሕ ኦክሲጅን ይተነፍሳል። በአምቦ ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ጋዙ በግፊት ሟሙቶ እንደሚቈይ፣ ኦክሲጅኑም በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟል፤ ወደ ቍስሉም ደርሶ አዳዲስ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ይረዳል። የሆላንዱ ሐኪም ቡሬማ በ1960 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በዚህ መንገድ የሚሟሟው ኦክሲጅን ቀይ የደም ሕዋሳታቸው እጅግ የተቀነሰባቸውን አሳሞች ለጥቂት ጊዜ በሕይወት ለማቈየት መብቃቱን አሳይተዋል። ሕክምናው በእያንዳንዱ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ ከ20 እስከ 40 ጊዜም ሊደጋገም ይችላል።

ሆኖም ይህ ተአምር አይደለም። የጥናቶቹ ውጤት ሁሉ አንድ ዓይነት አልሆነም። ጆሮንና ሳንባን ሊጐዳ፣ አልፎ አልፎም የሚጥል ሕመም ሊያስነሣ ይችላል፤ ኦክሲጅን እሳትን ስለሚያባብስም ክብሪት ወደ ክፍሉ ከቶ አይገባም። ሌላው እንክብካቤ በጐደለበትም ብቻውን አያድንም።

ስለዚህ፣ የስኳር ሕመም ያለብህ አንባቢ ሆይ፣ ማታ ማታ እግርህን ታጥበህ በጣቶችህ መካከል አድርቅ፤ ውስጥ እግርህን በመስታወት ተመልከት፤ ጫማህን ከማጥለቅህ በፊት ውስጡን በእጅህ ዳስስ፤ ባዶ እግርህን አትሂድ። ቍስል ብታገኝ ባያምህም እንኳ በቶሎ ለሐኪም አሳይ። የስኳር ሕመም የሌለበትም ሰው ቢሆን፣ በአራት ሳምንት መዳን ያልጀመረ ቍስል ቢኖረው መመርመር ይገባዋል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህም ይሠራል።