«ከገቢዎች ነው የምደውለው»

ሐምሌ በመተማዋ ሸሕዲ ሥራው የሚበዛበት፣ ጥሬ ገንዘቡ የሚሳሳበት ወር ነው። ሰሊጡ የሚዘራው በዚህ ሰሞን በመሆኑ ባለእርሻው ያለውን ሁሉ ለትራክተር፣ ለቀን ሠራተኛና ለስንቅ አውጥቷል። ባለሱቁም ቢሆን የዱቤ መዝገቡ ሞልቶ መሳቢያው ባዶ ነው። የሰጠው ዱቤ የሚመለስለት ሰሊጡ ታጭዶ፣ ደርቆና ተራግፎ ገበያ ሲወጣ ነው፤ ይህም ጥቅምትና ኅዳርን መጠበቅ ይፈልጋል። ግብር ግን ሰሊጥ እስኪደርስ አይታገሥም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋና በማግስቱ የመክፈያው ጊዜ ይከፈታል።

አንድ ባለሱቅ በዚህ ሰሞን ስልኩ ይጮኻል እንበል። ቁጥሩን አያውቀውም። ድምፁ የሰከነ፣ ቋንቋው የቢሮ ነው። «አቶ እገሌ ነዎት? ከገቢዎች ነው የምደውለው። የቲን ቁጥርዎን ላንብብልዎ፤ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡልኝ።» አሥሩም አኃዝ ልክ ነው። ቀጥሎ ሦስት ነገር ይመጣል፦ ካለፉት ዓመታት ያልተከፈለ ውዝፍ ተገኝቷል፤ ፋይሉ ዛሬ ከሰዓት ወደ ሕግ ክፍል ይሄዳል፤ እስከ ስምንት ሰዓት ካልተከፈለ ሱቁ ይታሸጋል፣ የባንክ ሒሳቡም ይታገዳል። ባለሱቁ «መጥቼ ላናግራችሁ» ሲል ደዋዩ ይቸኩላል። «ለመምጣት ጊዜ የለም፤ በቴሌብር ያስገቡ፣ ደረሰኙን እኔ አዘጋጅልዎታለሁ» ይላል።

ይህ ጥሪ የማጭበርበር ሥራ ነው፤ እንደ ማንኛውም ሥራም የራሱ ደረጃና መሣሪያ አለው። አሠራሩን ያወቀ ሰው ድምፁን በሰማ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይለየዋል።

የመጀመሪያው መሣሪያ እውነተኛ መረጃ ነው። አጭበርባሪው ስምና ቲን ቁጥር ስለጠራ የመንግሥት መዝገብ እጁ ገብቷል ማለት አይደለም። ቲን ቁጥር በየደረሰኙ ላይ ታትሞ ከደንበኛ ጋር ይወጣል። የንግድ ፈቃዱ ሱቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ስልክ ቁጥሩ ደግሞ በታፔላው ላይ በትልቁ ተጽፏል። አንድ ሰው ሳሙና ገዝቶ ሲወጣ ለጥሪው የሚያስፈልገውን ሁሉ ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው ጥድፊያ ነው። «ዛሬ»፣ «አሁን»፣ «እስከ ስምንት ሰዓት» የሚሉት ቃላት ሰው ከወንድሙ፣ ከሒሳብ ሠራተኛው ወይም ከጎረቤቱ ጋር እንዳይማከር ያደርጉታል። ሦስተኛው «ስልኩን አይዝጉት» የሚለው ትእዛዝ ነው፤ መስመሩ እስካልተዘጋ ድረስ ባለሱቁ ሌላ ሰው መጠየቅ አይችልም። አራተኛው ክፍያውን ወደ ግለሰብ ስልክ ወይም የባንክ ሒሳብ ማዞር ነው። አንዳንዴም ገንዘብ የሚባል ነገር ጭራሽ አይነሣም፤ «ለማረጋገጫ አሁን ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ይንገሩኝ» ይባላል። ያ ቁጥር የቴሌብሩ ወይም የባንኩ መክፈቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን በማስፈራራት ሳይሆን በወዳጅነት የሚመጣው ነው። «የእርስዎን የግብር ግምት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከፍ ብሎ ወጥቷል። ከመፈረሙ በፊት ላስተካክልልዎ እችላለሁ፤ ለአለቃዬ ትንሽ ነገር ላኩለት።» ይህን ሰምቶ የላከ ሰው በሁለት በኩል ይጠቃል። ገንዘቡ ይሄዳል፤ ማታለሉ ሲገባው ደግሞ ጉቦ ለመስጠት ተስማምቶ ነበርና ለፖሊስ መናገር ያሳፍረዋል፣ ያስፈራዋል። አጭበርባሪውም የሚተማመነው በዚህ ዝምታ ነው። አንድ ሰው የደረሰበትን ደብቆ በተቀመጠ ቁጥር ያው ስልክ ወደ ቀጣዩ ሱቅ ይደውላል።

ይህ ወጥመድ የሚይዘው ሞኝ ሰውን ብቻ ነው ማለት ትልቅ ስህተት ነው። የሚይዘው ግብሩን መክፈል የሚፈልገውን፣ ስሙ እንዳይጠፋ የሚሳሳውን ሰው ነው። ፍርሃቱም ካለ ምክንያት የመጣ አይደለም። አብዛኛው አነስተኛ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ ስለማይዝ ግብሩ የሚወሰነው በግምት ነበር። በሐምሌ 2009 በዝቅተኛው ደረጃ «ሐ» ያሉ ግብር ከፋዮች የቀን ገቢ ግምት ሲነገር በአዲስ አበባና በበርካታ የኦሮሚያ ከተሞች ከፍተኛ ቅሬታ ተነሥቷል፤ በአንዳንድ ከተሞች ሱቆች ተዘግተዋል፤ ቅሬታ አቅራቢዎች በየወረዳው ተሰልፈዋል። ግምቱ ከየት እንደመጣ ያልተረዳ ሰው ነገ በስልክ የሚነገረውንም ቁጥር «ሊሆን ይችላል» ብሎ ይቀበላል።

ሕጉም ይቀያየራል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ነጋዴውን በሦስት ደረጃ ከፍሎት ነበር፦ ዓመታዊ ገቢው 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነው «ሀ»፣ ከ500 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን የሆነው «ለ»፣ ከ500 ሺህ በታች የሆነው «ሐ»። በሐምሌ 2017 የፀደቀው የማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ደግሞ ደረጃዎቹን ወደ ሁለት አውርዶ መለያውን 2 ሚሊዮን ብር ላይ አደረገው። እንዲህ ያለ ለውጥ በመጣ ቁጥር «በአዲሱ አዋጅ መሠረት» ብሎ ለሚጀምር ደዋይ በር ይከፈትለታል፤ ሰሚው አዲሱን አዋጅ ገና አላነበበውምና።

በመተማ ምድር ላይ ሌላ ውስብስብነት ይጨመራል። ከሸሕዲ፣ በመንግሥት ወረቀት ገንዳ ውኃ ከምትባለው ከተማ፣ እስከ ድንበሯ መተማ ዮሐንስ ድረስ ያለው ነጋዴ ከብዙ ቢሮ ጋር ይገናኛል። የግለሰብ ነጋዴውን ግብር የክልሉ ገቢዎች ይሰበስባል፤ ድንበር የሚያልፈውን ዕቃ ጉምሩክ ያየዋል፤ ሰሊጡ በምርት ገበያ መጋዘን ያልፋል፤ ፈቃዱን ንግድ ቢሮ ያድሳል። ደዋዩ ከእነዚህ የአንዱን ስም ከጠራ፣ ሰሚው ከዚያ ቢሮ ጋር ያላለቀ ጉዳይ ሊኖረው ይችላል። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት ደግሞ የተነገረን ነገር ከሌላ ቦታ አይቶ ማረጋገጥ የባሰ ከባድ ሆኖ ነበር።

ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድም ፈጥኗል። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 3 ቀን 2013 ሲሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተጠቃሚዎቹ ከ50 ሚሊዮን አልፈዋል። ባንክ ርቆት ለኖረ ቆላ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ጎንደር ያለ ጅምላ ሻጭ በደቂቃ ይከፈለዋል፤ ጥሬ ገንዘብ ይዞ አደገኛ መንገድ መሄድ ቀርቷል። ያው ፍጥነት ግን ለአጭበርባሪውም ያገለግላል። የተላከለትን ወዲያው ወደ ሌላ ቁጥር ያዞረዋል ወይም ከወኪል ያወጣዋል። ቁጥሩም በሌላ ሰው መታወቂያ የወጣ ሲም ካርድ ሊሆን ይችላል።

ይህ ዓይነቱ ማጭበርበር በኢትዮጵያ አልተፈጠረም። ትልቅ ኢንዱስትሪ የሆነው በአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ስም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሕንድ ውስጥ ባሉ የጥሪ ማዕከላት የተቀመጡ ወጣቶች የአሜሪካዊ ስም እየተሰጣቸው፣ የተጻፈ ንግግር ከፊታቸው ተዘርግቶ፣ «ግብር አልከፈሉም፤ ፖሊስ ወደ ቤትዎ እየመጣ ነው» እያሉ ሲደውሉ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2016፣ በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 2009 መጨረሻ ገደማ፣ በሙምባይ አቅራቢያ ታኔ በተባለች ከተማ ፖሊስ ማዕከሎቹን ሲወርር በአንድ ሌሊት ከ700 በላይ ሠራተኞችን ይዟል። በተከታዩ ጥቅምት የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር 56 ሰዎችንና አምስት የጥሪ ማዕከላትን ከሰሰ፤ የተጎጂዎቹ ቁጥር ከ15 ሺህ በላይ፣ የጠፋው ገንዘብ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ፍርድ ካገኙት አንዳንዶቹ እስከ 20 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸዋል።

በዚያ ማጭበርበር ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነ ነገር አለ። ደዋዮቹ ከእስር ሌላ «ከአገር ትባረራለህ» የሚል ማስፈራሪያ ይጠቀሙ ስለነበር በተለይ ስደተኞችን ያጠቁ ነበር። ወረቀቱ ገና ያላለቀለት ሰው በሰው አገር ሆኖ የመንግሥትን ስም ሲሰማ ጉልበቱ ይከዳዋል። ክፍያውንም ከሱቅ በሚገዛ የስጦታ ካርድ ይቀበሉ ነበር፤ በካርዱ ጀርባ ያለው ቁጥር በስልክ ከተነበበ ገንዘቡ አለቀ። በአሜሪካ የስጦታ ካርዱ፣ በኢትዮጵያ የቴሌብር ቁጥሩ የሚያገለግሉት ለአንድ ዓላማ ነው፦ ገንዘቡ ከመንግሥት መዝገብ ውጭ እንዲያልፍ።

ታዲያ እውነተኛው ገቢዎች በምን ይታወቃል? የግብር ሠራተኛም ስልክ ይደውላል፤ ቀነ ገደብ ሊያስታውስ፣ ቢሮ እንዲመጡ ሊጠራ ይችላል። ልዩነቱ የሚገኘው በመደወሉ ሳይሆን በሚጠይቀው ነገር ላይ ነው። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የግብር ውሳኔ በጽሑፍ እንዲደርስ ያዛል። ግብር ከፋዩ ማስታወቂያው በደረሰው በ21 ቀናት ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል። በቅሬታው ላይ በተሰጠው ውሳኔ ካልተስማማ ደግሞ በ30 ቀናት ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ይላል። ንብረት ለመያዝም ቢሆን አስቀድሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። አዋጁ የፌዴራል ሲሆን ክልሎችም በየራሳቸው አዋጅ ይሠራሉ፤ ወረቀት፣ ፊርማና ጊዜ ግን በሁለቱም ዘንድ አሉ። ሕጉ በሳምንታት የቆጠረውን ነገር እስከ ስምንት ሰዓት ጨርስ የሚል ሰው ከሕጉ ጋር አይተዋወቅም።

ክፍያም እንዲሁ ነው። ግብር በቴሌብር መክፈል የሚቻልባቸው ቦታዎች አሉ፤ ነገር ግን ክፍያው ለተቋሙ ነው፣ የክፍያ መለያ ቁጥር አለው፣ ደረሰኝም ይወጣለታል። ቴሌብር ገንዘብ ከመላኩ በፊት የተቀባዩን ስም ያሳያል። በዚያ ስክሪን ላይ የአንድ ግለሰብ ስም ከታየ ጣትን ማንሣት ይገባል። ፒንና በመልእክት የሚገባ የማረጋገጫ ቁጥር ደግሞ ለማንም አይነገርም፤ ባንኮችም ኢትዮ ቴሌኮምም ይህን ደጋግመው አስታውቀዋል።

ገንዘቡ ከሄደ በኋላም ቢሆን ደቂቃዎቹ ዋጋ አላቸው። በቴሌብር የላከ ወደ 127፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የላከ ወደ 951 ወዲያው ደውሎ ዝውውሩን ማሳወቅ አለበት፤ የተቀባዩ ሒሳብ ገንዘቡ ሳይወጣ ከታገደ ተስፋ አለ። የመጣውን መልእክት መሰረዝ አያስፈልግም፤ ቁጥሩ፣ ሰዓቱና የዝውውር መለያው ለፖሊስ ማስረጃ ናቸው። ማታለል በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል፤ በኮምፒውተርና በኔትወርክ የተፈጸመው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ይታያል። «ጉቦ ልሰጥ ነበር» ብሎ የፈራውም ቢሆን ዝም ማለቱ የሚጠቅመው አጭበርባሪውን ነው።

ሸሕዲ በዚህ በኩል አዲስ አበባ ያላገኘችው ዕድል አላት፤ ትንሽ ከተማ ናት። የግብር ቢሮው በእግር የሚደረስበት ነው፤ ሠራተኛው ቡና ቤት የሚታይ፣ ልጁ ከነጋዴው ልጅ ጋር የሚማር ሰው ነው። ስለዚህ ያ ባለሱቅ ስልኩን እንደያዘ አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጠይቅ በቂ ነው፦ «የትኛው ቢሮ፣ ስንተኛ ክፍል ነዎት? ሱቁን ለልጁ ሰጥቼ አሁኑኑ እመጣለሁ።» ከዚያ ስልኩን ዘግቶ፣ ያለፉትን ዓመታት ደረሰኞች በፌስታል ይዞ፣ ጭቃውን እየረገጠ ወደ ገቢዎች ይወጣል። ውዝፍ ካለበት እዚያ ወረቀቱን ያያል፤ ከሌለበት ደግሞ የደወለለትን ቁጥር ለሠራተኞቹ ሰጥቶ፣ በመንገዱ ላይ ላሉት ሱቆች እየነገረ ይመለሳል።