ጥቃቅን መኪናዎች በቁርስ ገበታ ላይ

በዛሬው ንግግራችን የምናስረዳው የቁርስ ገበታን የእሽቅድምድም ሜዳ ስላደረገ አንድ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ስሙ ማይክሮ ማሽንስ ይባላል፤ ትርጓሜውም ጥቃቅን መኪናዎች ማለት ነው።

ስሙ የተገኘው ጋሉብ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይሸጣቸው ከነበሩት፥ በሁለት ጣት ከሚያዙት የልጆች መጫወቻዎች ነው። ጨዋታውን ያዘጋጀው ኮድማስተርስ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ሲሆን፥ በ1991 እ.ኤ.አ. ለኒንቴንዶ የቤት መጫወቻ መሣሪያ አወጣው።

ተጫዋቹ ሜዳውን የሚመለከተው እንደ አሞራ ከላይ ወደ ታች ነው። ጀልባዎች በመታጠቢያ ገንዳ፥ መኪናዎችም በቢሊያርድና በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ይሽቀዳደማሉ። እኛ በየቀኑ የምንጽፍበት ጠረጴዛ ለእነርሱ ሰፊ አገር ነው፤ ጠርዙም ገደል ነው።

የጨዋታው ዋና ብልሃት ግን ሁለት ሰዎች ሲጋጠሙ ይታያል። የቴሌቪዥኑ መስተዋት ለሁለት አይከፈልም፤ ሁለቱም አንዱን ሥዕል ይጋራሉ። አንደኛው ቀድሞ ሌላውን ከመስተዋቱ ውጭ ካስቀረው ነጥብ ያገኛል፤ ከዚያም ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው እንደገና ይነሣሉ። ቀዳሚው ወደ መስተዋቱ ዳር በተጠጋ ቁጥር ከፊቱ ያለውን መታጠፊያ የሚያይበት ጊዜ ያጥርበታል። ስለዚህ መቅደም ራሱ ፈተና ነው፤ ወደ ኋላ የቀረውም ተስፋ አይቆርጥም።

በ1994 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው ጨዋታ ወጣ። ሜጋ ድራይቭ የተባለው የሴጋ መሣሪያ የነበረው የሁለት ሰው መሰኪያ ብቻ ስለሆነ፥ አዘጋጆቹ በጨዋታው ካርትሪጅ ላይ ሌሎች ሁለት መሰኪያዎች ጨመሩበት። በዚህም አራት ሰዎች በአንድ ክፍል፥ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት አብረው ለመጫወት ቻሉ።

ክቡራን አንባብያን፤ ዛሬ ብዙዎች በኢንተርኔት አማካይነት ፊቱን ከማያዩት ሰው ጋር ይጫወታሉ። ይህ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የሚሸነፍ ልጅ አሸናፊውን ዓይን ለዓይን እያየ መሸነፍን ይለማመዳል፤ የሚያሸንፈውም የወንድሙን ፊት አይቶ ትዕቢቱን ይገታል። እንግዲህ ከመሥሪያ ቤት ስትመለሱ ልጃችሁ ብቻውን ሲጫወት ብታገኙት፥ «ዝጋው» ከማለታችሁ በፊት ሁለተኛውን መቆጣጠሪያ አንሥታችሁ ከጎኑ ተቀመጡ። ብትሸነፉም የምታገኙት ጥቅም ከነጥቡ ይበልጣል።