«ሉክ» ብቻውን ሲቆምና መስተዋድድ ሲከተለው

«ሉክ» የተባለው የእንግሊዝኛ ግስ ብቻውን ሲቆም ዓይንን ወደ አንድ አቅጣጫ ማዞር ማለት ነው። ለንደን ውስጥ በብዙ የእግረኛ ማቋረጫዎች አስፋልቱ ላይ በትልልቅ ፊደል «ሉክ ራይት» ተብሎ ተጽፏል፤ መኪናው በቀኝ በኩል ስለሚመጣ እግረኛው ወደዚያ እንዲመለከት ነው። ግሱ ዓይን ወዴት እንደሚዞር ይናገራል እንጂ ምን እንደሚታይ አይናገርም። የሚታየውን ነገር መጥራት ሲያስፈልግ እንግሊዝኛ መስተዋድድ ይጨምርበታል። መስተዋድዱ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ትርጉሙ ከማየት ወደ መፈለግ፣ ወደ መንከባከብ፣ ወደ መመርመር፣ አልፎም ወደ መናቅ ይሄዳል።

ከሁሉ የሚቀድመው «ሉክ አት» ነው፤ አንድን ነገር ሆን ብሎ፣ አስቦ ማየት። አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ «ሥዕሉን አየ» ሲባል የተሳቢው ምልክት «ን» ሥራውን ስለሚጨርሰው፣ ተማሪው በዚያው ልማድ «ሉክ ዘ ፒክቸር» ብሎ ይጽፋል። ትክክሉ «ሉክ አት ዘ ፒክቸር» ነው። ስህተቱን የሚያባብሱት «ሲ» እና «ዋች» የተባሉት ዘመዶቹ ናቸው፤ ሁለቱም ማየትን ይገልጻሉ፣ ሁለቱም ተሳቢያቸውን ያለ መስተዋድድ ይይዛሉ። «ሲ» ታስቦም ሳይታሰብም ዓይን ውስጥ ለገባ ነገር፣ «ዋች» እንደ ኳስ ጨዋታ ያለ የሚንቀሳቀስ ነገርን ለመከታተል ይውላሉ።

«ሉክ ፎር» ገና ያልተገኘን ነገር መፈለግ ነው። በ«አት» እና በ«ፎር» መካከል ያለው ርቀት ሱቅ ውስጥ በደንብ ይታያል። ሻጩ «ዋት አር ዩ ሉኪንግ ፎር?» ቢል «ምን ልስጥዎት፣ ምን ፈለጉ?» ማለቱ ነው። ያንኑ ዓረፍተ ነገር በ«አት» ቢጨርሰው «ምን እያየህ ነው?» ይሆናል፤ ድምፁ ጠንከር ካለ ደግሞ «ምን ታፈጣለህ?» ተብሎ ለጠብ ይበቃል። በጥያቄ ውስጥ መስተዋድዱ መጨረሻ ላይ መቅረቱ ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ ስለሆነ ብዙዎች ይጥሉታል፤ ሲጣል ግን ዋናው ትርጉም አብሮ ይጠፋል። ሳይገዛ ዞር ዞር ማለት የፈለገ ደንበኛ «አይም ጀስት ሉኪንግ» ብሎ ያልፋል፤ የሚፈልገው የተለየ ዕቃ ስለሌለ መስተዋድድም አያስፈልገውም።

«ሉክ አፍተር» ልጅን፣ በሽተኛን፣ ቤትን ወይም ዕቃን መንከባከብ ነው። «አፍተር» ለብቻው «በኋላ» ስለሆነ ቃል በቃል የሚተረጉም ሰው «በኋላ አየ» ላይ ይደርሳል፤ ይህ ደግሞ የትም አያደርስም። በአሜሪካ ለዚሁ ሐሳብ «ቴክ ኬር ኦቭ» የሚለው ይበልጥ ይዘወተራል፤ «ሉክ አፍተር» በብሪታንያ እንግሊዝኛ በየቀኑ የሚሰማ ነው።

እንዲህ ያለው ጥምረት ባዕዳንን ማስቸገሩ የቆየ ጉዳይ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ የውጭ ሰዎችን ከሁሉ አብልጦ የሚያስቸግረው ይኸው መሆኑን አስፍሯል። «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው የጥምረቱ መጠሪያ የተስፋፋው ግን ብዙ ቆይቶ፣ ሎጋን ፒርሳል ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 ካወጣው መጽሐፍ ወዲህ ነው።

አማርኛም ቢሆን ከዚህ ጠባይ ነፃ አይደለም። በ«ዳኛው ፈረደለት» እና በ«ዳኛው ፈረደበት» መካከል ያለው የ«ለ» እና የ«በ» ልዩነት ብቻ ነው፤ አንዱ ረትቶ ይወጣል፣ ሌላው ተረትቶ። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት»ም እንደዚሁ ናቸው። ልዩነቱ አማርኛ ሥርዓት መጠበቁ ላይ ነው፤ እንዲህ ባሉ ግሶች «ለ» ጥቅምን፣ «በ» ጉዳትን ስለሚያመለክት አዲስ ግስ ሲመጣም መገመት ይቻላል። የእንግሊዝኛው ጥምረት ብዙውን ጊዜ ለግምት አይመችም።

«ሉክ አፕ» ሌላ ነገር ያመጣል፤ የቃላት ቅደም ተከተል። በቀጥታ ሲወሰድ ቀና ብሎ ማየት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው «ዶንት ሉክ አፕ» የተሰኘ ፊልም ስሙን ያገኘው ወደ ምድር እየተምዘገዘገ የሚመጣውን ጅራታም ኮከብ ቀና ብለው እንዳያዩ ከሚነገራቸው ሰዎች ታሪክ ነው። በዕለት ተዕለት አነጋገር ግን የቃልን ፍቺ ከመዝገበ ቃላት፣ ስልክ ቁጥርን ከማውጫ ፈልጎ ማግኘት ማለት ነው። እዚህ ላይ «አፕ» ከግሱ ሊላቀቅ ይችላል፤ «ሉክ አፕ ዘ ወርድ» ወይም «ሉክ ዘ ወርድ አፕ» ቢባል ሁለቱም ልክ ነው። ተሳቢው እንደ «ኢት» ያለ ተውላጠ ስም ከሆነ ግን ምርጫ የለም፤ «ሉክ ኢት አፕ» ብቻ ነው። በፍጥነት ሲነገር «ሉኪታፕ» ይመስላል፣ ጫናውም «አፕ» ላይ ይወድቃል። «አፍተር»፣ «አት» እና «ፎር» በአንጻሩ ከግሱ አይላቀቁም፤ «ሉክ አፍተር ኢት» እንጂ «ሉክ ኢት አፍተር» አይባልም። አዲስ ጥምረት ያጋጠመው ተማሪ ከትርጉሙ እኩል ይህን ቢያጣራ ይጠቀማል።

ሌሎቹ ይቀላሉ። «ሉክ ዳውን ኦን» አማርኛውም «ዝቅ አድርጎ ማየት» ስለሚል ሳይነገር ይገባል፤ ተቃራኒው «ሉክ አፕ ቱ» ሰውን ማክበር፣ እንደ አርአያ መቁጠር ነው። «ሉክ አውት!» ወደ ውጭ ተመልከት ሳይሆን «ተጠንቀቅ!» ነው። «ሉክ ኢንቱ» ጉዳይን መመርመር ሲሆን፣ የመሥሪያ ቤት ሰው «ዊል ሉክ ኢንቱ ኢት» ሲል ባለጉዳዩ የሚሰማው የታወቀውን «ይታያል» ነው፤ መቼ እንደሚታይ እንግሊዝኛውም አይናገርም። «ሉክ ኦቨር» ጽሑፍን ገረፍ አድርጎ ማየት ነው። ቃሉ ተገልብጦ «ኦቨርሉክ» ሲሆን ሳያስተውሉ ማለፍ ይሆናል፤ ሁለቱን ያምታታ ሰው «ውሉን አይቼዋለሁ» ለማለት ፈልጎ «ውሉን ሳላስተውለው አለፍኩ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

በጽሑፍ ብዙ የሚያሳስተው «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ነው፤ አንድን ነገር በጉጉት መጠበቅ። ተማሪዎች «ቱ»ን ሲያዩ የለመዱትን የግስ መነሻ ያስከትሉና «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚት ዩ» ይላሉ። ይህ «ቱ» ግን መስተዋድድ ስለሆነ የሚከተለው ስም ወይም በ«ኢንግ» የሚያልቅ ግስ ነው፤ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሚቲንግ ዩ»። ለሥራ ማመልከቻና ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ መዝጊያ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ» ይመረጣል፤ ለወዳጅ ሲጻፍ «አይም ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ» ብሎ መጀመር ቀለል ይላል።