የድሮ ቤት ሽቦ፣ የዛሬ ምጣድ

የምትኖሩበት ቤት ከተሠራ ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ካለፈው ሶኬቶቹን እስቲ ተመልከቱ። ምናልባት አዲስ፣ ነጭና የሚያብረቀርቁ ናቸው። ከጀርባቸው ያለው ሽቦ ግን ብዙ ጊዜ ቤቱ ሲሠራ የተዘረጋው ነው። ሶኬት መቀየር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሽቦ መቀየር ግን ግድግዳ መፈልፈል ስለሚጠይቅ ሁሉም ይሸሸዋል። ታዲያ የኤሌክትሪክ ደንብ በየጊዜው ሲሻሻል እንዲህ ያለው ቤት ምን ይሆናል? ከደንብ ውጪ ነው? አደገኛስ ነው?

ሁለቱ ጥያቄዎች ይለያያሉ። የእንግሊዝ የዝርጋታ ደንብ፣ ቢ ኤስ 7671፣ በቀድሞው እትም መሠረት የተሠራ ዝርጋታ አዲሱን ስላላሟላ ብቻ አደገኛ ነው ማለት እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። እዚያ መርማሪው ላገኘው ጉድለት ደረጃ ይሰጣል፦ ሲ1 አደጋው አሁኑኑ አለ፣ ሲ2 አደጋ ሊያስከትል ይችላል፣ ሲ3 ቢሻሻል ይመረጣል። በእኛ አገር የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታን የሚመለከተው ኮድ፣ ኢ ቢ ሲ ኤስ 10፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ስንትና ስንት ቤቶች ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። ስለዚህ የቤቱን ዕድሜ ትተን ሽቦው ውስጥ ምን እንደሚፈጠር እንይ።

ከረንት በሽቦ ሲያልፍ ሽቦው ይሞቃል። ሙቀቱ የሚያድገው ከከረንቱ ስኩዌር ጋር ነው፦ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የድሮው ቤት ሲሠራ የታሰበው ለአራት ባለ 60 ዋት አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ ነበር እንበል። በድምሩ 300 ዋት ቢሆን፣ በ220 ቮልት ሲካፈል 1.4 አምፔር ገደማ ነው። አሁን በዚያው ሽቦ ላይ 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ሰኩበት። ከረንቱ ወደ 16 አምፔር ይጠጋል፤ በሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ ከመቶ እጥፍ በላይ ይሆናል። ያውም እንጀራ የሚጋገረው ለአምስት ደቂቃ አይደለም። የተለመደው የፒ ቪ ሲ ሽፋን የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲችል ነው። የድሮ የጎማ ሽፋን ደግሞ በሙቀት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ከሁሉም የሚብሰው ሽቦው ተጠማዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለበት መጋጠሚያ ነው፤ ከላላ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይግላል።

ብሬከር ለዚህ ነው የተፈጠረው። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ላይ 10 አምፔር፣ 2.5 ላይ 16 አምፔር ብሬከር ማድረግ የተለመደ ነው። ምጣዱና ምድጃው አንድ ላይ ሲበሩ ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግር ግን፣ «ትልቅ ብሬከር ቀይርልን» ይባላል። 32 አምፔር ይገባል። ብሬከሩ መውረድ ያቆማል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሽቦው ግን ያው 2.5 ነው፣ አሁን የሚጠብቀው የለም። ባልቦላ ውስጥ ወፍራም ሽቦ መጠምዘዝም ያው ነው። በእኔ አስተያየት በድሮ ቤት ላይ ከሚሠራው ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ አሮጌውን ባልቦላ እንዳለ መተው ይሻል ነበር። ትክክለኛው መፍትሔ ለምጣዱ ብቻ ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመር በ20 አምፔር ብሬከር መዘርጋት ነው። አዎ፣ ግድግዳ ይፈለፈላል ወይም በላዩ ላይ ቱቦ ይሄዳል።

ሁለተኛው ጣጣ የመሬት መስመር ነው። በብዙ የድሮ ቤቶች ወደ ሶኬቱ የሚደርሱት ፌዝና ኒውትራል ብቻ ናቸው። አዲሱ ሶኬት የመሬት ቦታ አለው፤ ከጀርባው ግን ምንም የለም። የልብስ ማጠቢያው ውስጥ ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ ከረንቱ የሚሄድበት መንገድ አያገኝም፣ እናንተ እስክትነኩት ይጠብቃል። አንዳንድ ሠራተኛ ሶኬቱ ውስጥ የመሬቱን ቦታ ከኒውትራል ጋር ያገናኘዋል። እንዳታስደርጉት! ኒውትራሉ የሆነ ቦታ የተበጠሰ ዕለት፣ ደህና የነበረው ማሽን አካሉ በሙሉ 220 ቮልት ይይዛል።

እዚህ ላይ አር ሲ ዲ የሚባለው መሣሪያ ይረዳል። በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው ከረንት እኩል መሆኑን ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ በሰከንድ ክፍልፋይ ይቆርጣል። የሰው አካል 1,500 ኦም ነው ብንል በ220 ቮልት 150 ሚሊ አምፔር ያህል ያልፍበታል። ይህ ልብን ለማቆም ይበቃል፣ ለ16 አምፔር ብሬከር ግን ከቁም ነገር አይቆጠርም። የዚህ ሐሳብ አሜሪካዊ ዓይነት፣ በ5 ሚሊ አምፔር አካባቢ የሚቆርጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ዳልዚል የፈለሰፈው ነው። መሣሪያው የሚያነጻጽረው ሁለቱን ሽቦ ብቻ ስለሆነ የመሬት መስመር በሌለበትም ይሠራል። ለዚህም የአሜሪካ ደንብ የመሬት መስመር በሌለው የድሮ ቤት በእሱ የተጠበቀ ሶኬት እንዲገባ ይፈቅዳል፤ ሶኬቱ ላይ «የመሬት መስመር የለውም» ተብሎ እንዲጻፍ ግን ያስገድዳል። ይህን ሐቀኝነት ወድጄዋለሁ። አር ሲ ዲ የሽቦ መጋልን እንደማይከላከል ግን አትርሱ፤ ያ የብሬከሩ ሥራ ነው።

ሽቦው ራሱ ይቀየር አይቀየር የሚለውን በዓይን መወሰን ያስቸግራል። ሳጥኑን እናንተ አትክፈቱት፤ ባለሙያ ስትጠሩ ግን «ሜገር አለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሜገር ኃይሉ ከተቋረጠና ዕቃዎቹ ከተነቀሉ በኋላ ሽቦዎቹ መካከል 500 ቮልት ሰጥቶ ሽፋኑ ምን ያህል እንደሚያፈስ ይለካል። በአሁኑ ዓለም አቀፍ ደረጃ ዝቅተኛው 1 ሜጋ ኦም ነው። የአርባ ዓመት ሽቦ ከዚያ በብዙ በልጦ ሊገኝ ይችላል፤ ትናንት በሚስማር የተወጋ አዲስ ሽቦም ሊወድቅ ይችላል።