ጠዋት ዱላ፣ ከሰዓት ብርጭቆ

ጎልፍ ጊዜ ይበላል። አራት ሰዎች አሥራ ስምንቱን ቀዳዳ አዳርሰው እስኪወጡ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ከጨዋታው በኋላ ያለው ወሬ ሳይቆጠር። ለእረፍት ወጥቶ በየቀኑ ሜዳ ላይ የሚውል ሰው አብራው የመጣችውን ባለቤቱን ማስኮረፉ አይቀርም። ከኬፕታውን በስተምሥራቅ ባለው የደቡብ አፍሪካ የወይን አገር ግን ለዚህ መላ አለ፤ የጎልፍ ሜዳውና የወይን ጠጅ መጥመቂያው ጎረቤታሞች ናቸው።

ስቴለንቦሽ አጠገብ ያለው የዴ ዛልዘ ሜዳ ጥሩ ማሳያ ነው። ፒተር ማትኮቪች የነደፈው ይህ ሜዳ በወይን ተክል ረድፎች መሃል ያልፋል፤ ከመስመር የወጣች ኳስ ከዘለላ ሥር ብትገኝ አይገርምም። ክላይነ ዛልዘ የተባለው መጥመቂያም እዚያው ነው።

ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥም። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው የአገሩ በጋ፣ ‹ኬፕ ዶክተር› የሚሉት የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፤ በቀጥታ የተመታችን ኳስ ወስዶ ሌላ ቦታ ይጥላታል። የመቅመሻ ክፍሎቹ ደግሞ ብዙዎቹ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ይዘጋሉ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል የጀመረ ቡድን እኩለ ቀን ላይ ጨርሶ፣ ምሳ በልቶ፣ ሁለት መጥመቂያ ሊጎበኝ ይችላል። ሦስተኛውን መሞከር ስግብግብነት ነው።

ከሶመርሴት ዌስት ወጣ ብሎ ያለውን የኤሪንቬልን ሜዳ የነደፈው የአገሩ ልጅ ጋሪ ፕሌየር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የጎልፍ የዓለም ዋንጫ እዚህ ሲካሄድ ኤርኒ ኤልስና ዌይን ዌስትነር ዋንጫውን አገራቸው አስቀርተዋል። በዚያው መንገድ እልፍ ሲሉ ፈርኸሌኸን የተባለው ጥንታዊ ርስት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1700 ያቋቋመው የኬፕ ገዥ የነበረው ቪለም አድሪያን ፋን ደር ስቴል ነው። ገዥው የደች ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያን ሠራተኞችና ባሪያዎች ለግል እርሻው ያሠራል፣ ገበያውንም ጠቅልሎ ይዟል ብለው ገበሬዎች ከሰሱት። ከከሳሾቹ ዋነኛው አዳም ታስ ታሰረ፤ በ1707 ከሥልጣን የተሻረው ግን ገዥው ራሱ ሆነ። በእሱ ዘመን የተተከሉት የካምፎር ዛፎች ዛሬም ከቤቱ ፊት ለፊት ቆመዋል።

የኬፕ ወይን በባሪያ ጉልበት የለማ ነው። ባርነት ከቀረ በኋላም ‹ዶፕ› በተባለው ልማድ የእርሻ ሠራተኞች ከደመወዛቸው ከፊሉን በወይን ጠጅ ይቀበሉ ነበር፤ መዘዙ በሠራተኞቹ መንደሮች ለትውልድ ተርፏል። አስጎብኚው ይህን ካላነሳ እንግዳው ቢጠይቅ ነውር የለውም።

የአገሬውን ጣዕም የሚሻ ፒኖታዥ የተባለውን ቀይ ወይን መቅመስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1925 በስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት አብርሃም ፔሮልድ፣ ለስላሳ ግን አስቸጋሪ የሆነውን ፒኖ ኗር የተባለ የወይን ዝርያ ጠንካራ ከሆነው ሳንሶ ጋር አዳቀሉ። ያገኙትም አራት ዘር ብቻ ነበር። ዘሮቹን በግቢያቸው ተከሏቸው፤ ሥራ ለቀው ሲሄዱ ግቢው አረም በላው። የጽዳት ሠራተኞች ሊመነጥሩት ሲሉ፣ በብስክሌት ሲያልፍ የነበረ ቻርሊ ኒሃውስ የተባለ ወጣት መምህር ደርሶ ችግኞቹን አተረፋቸው። ፒኖታዥ የሚል ጽሑፍ የያዘው የመጀመሪያ ጠርሙስ ገበያ የወጣው በ1961 ነው። መልኩ ጥቁር ቀይ ሲሆን፣ አንዳንዱ ጠማቂ የቡና ሽታ እስኪሰጥ ድረስ በተቃጠለ የኦክ በርሜል ያቆየዋል። ቡና አዋቂ ለሆነ ሐበሻ ይሄኛው ትንሽ ማጭበርበር ሊመስለው ይችላል።

ቅምሻው ቀላል ነው። አራት ወይም አምስት ዓይነት ወይን በብርጭቆው ግርጌ ትንሽ ትንሽ ይቀዳል፤ ብርጭቆውን አዙሮ ማሽተት፣ ከዚያ መጎንጨት ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ማሰሮ መሰል ዕቃ ለመትፊያ ነው፤ የሚተፋ ሰውን እንደ ባለጌ የሚያይ የለም። የሚያሽከረክር ሰው ግን በመትፋት ብቻ ባይተማመን ይሻላል፤ በሕጉ የተፈቀደው የአልኮል መጠን ጠባብ ነው። በወይን አገሩ ከተማ በፍራንሽሁክ ለዚህ ሲባል የተሠራ የሚመስል አገልግሎት አለ፦ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ጎብኚን ከእርሻ እርሻ የሚያመላልሰው የወይን ትራም። አንዱ ጋ ወርዶ ቀምሶ፣ በሚቀጥለው ዙር መሳፈር ይቻላል።

ከአዲስ አበባ ኬፕታውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ይበራል። ወይን የሚለቀመው በአብዛኛው በየካቲትና በመጋቢት ነው፤ መጥመቂያውን ሥራ ላይ ለማየት የተሻለው ጊዜ ይህ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ከቅምሻው ጋር የሚቀርበው ሳህን አይብና የደረቀ ሥጋ ይበዛበታል። ጾመኛ አስቀድሞ ቢናገር ይበጀዋል፤ የፓርል አካባቢ ወይራም ስለሚያመርት ዳቦ በወይራ ዘይትና በወይራ ፍሬ ማግኘት አያስቸግርም።